በረኪናውን መልሱት፦ ስለ ቅዳሜው የመቃብር ጽዳት ለማኅበራችን ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ እንዲሁም ለቅዳሜው ዘመቻ ስማችሁን ላስመዘገባችሁ ሁሉ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም የለጠፋችሁትን መልእክት ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። አዳራሻቸውን ለዓመታት በነፃ የሰጡንን የዚህን የእንግሊዝ መንደር ሰዎች ለማመስገን የቤተ ክርስቲያናቸውን ግቢ ልናጸዳላቸው ነው። ደስ አለኝ። ቀጥሎ የዕቃው ዝርዝር መጣ፤ ስድስት ጄሪካን በረኪና፣ ዐሥር የሽቦ ብሩሽ፣ አቼቶ፣ ኦሞ፣ ከወንድማችን የመኪና እጥበት የሚመጣ ካርቸር (ውኃ በኃይል የሚረጨው ማሽን)። ከሥሩ ደግሞ ፎቶ። በግቢው ደቡብ በኩል ያለውን ትልቁን የድንጋይ ሣጥን በቀይ ከባችሁ፣ "ከዚህ እንጀምራለን፣ በጣም ቆሽሿል" ብላችኋል። መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ ሄድኩ።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ለጋሼ ሊቀመንበር ደውዬ ነበር። "አንተ ልጅ፣ ሥራ አታብዛ፤ ቄሷ ራሳቸው 'ሃው ላቭሊ' (እንዴት ደስ ይላል) ብለዋል" አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ቡድኑን ስከፍት ሠላሳ ምናምን ሰው አውራ ጣቱን አንሥቷል። ሠላሳ ሰው ጋር አንድ በአንድ ደውዬ አልዘልቀውም። የመንደሩንና የደብሩን ስም ግን ሆን ብዬ አልጠቅስም፤ እኛው እናውቀዋለን።

አብዛኞቻችሁ ሥራዬን "ግንባታ" ብላችሁ ነው የምታውቁት። እኔም ማስረዳት ሲሰለቸኝ እንደዚያው እላለሁ። እውነቱ፣ አሮጌ ድንጋይ ለሚጠግን ሰው ኖራ አቦካለሁ፣ ውኃ አመላልሳለሁ፣ መብራት እይዛለሁ። ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ያሳለፍኩት እንደዚህ ባሉ መቃብሮች ፊት ተንበርክኬ ነው። እናቴ ስትደውል "ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተንበርክኬ ነው የምውለው" እላታለሁ፤ ደስ ይላታል፣ እኔም ከዚያ በላይ አላብራራላትም።

እንግዲህ ያ በቀይ የከበባችሁት ነገር በሙያው ቋንቋ የሣጥን መቃብር ይባላል። የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ሦስት ትውልድ ተጽፎበታል። ሥራው የ1760ዎቹ ነው (እዚህ የምጠቅሰው ዓመትና ወር ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። እንግሊዞቹ ዘመኑን በጆርጆች ይጠሩታል፤ ከ1714 እስከ 1830 ጆርጅ የሚባሉ አራት ነገሥታት ተከታትለው ስለገዙ። በኛ በኩል እቴጌ ምንትዋብ ገና በሕይወት ነበሩ።

ሣጥኑ ውስጥ ሬሳ የለም። ይህን ስናገር የሚገረም አይጠፋም፤ ባለፈው አንዲት እናታችን "ታዲያ ባዶ ሣጥን ነው እንዴ የምሳለመው!" ብለውኛል። ሟቾቹ ከሥር፣ መሬት ውስጥ ናቸው። ሣጥኑ አራት የድንጋይ ሰሌዳ ቆሞ፣ ከላይ ከባድ ክዳን ተጭኖበት፣ ውስጥ ለውስጥ በብረት ማያያዣ የተቆላለፈ ቀፎ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ምንም የማይነቀንቀው ይመስላል። ብረቱ ግን እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ዝገት ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚፈልግ ያብጥና ድንጋዩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። የዚህኛው ምዕራባዊ ሰሌዳ ሁለት ጣት ያህል ከቦታው ወጥቷል። እጃችሁን ሳታስገቡ ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ በስንጥቁ ውስጥ ጨለማው ይታያል። ካርቸር በዚያ ስንጥቅ ውኃ ቢረጭ ወይ ብረቱን ያፋጥነዋል፣ ወይ ሰሌዳውን ያወጣዋል። ክዳኑ ሲወርድ ደግሞ ሥሩ ማን እንደሚቆም አላውቅም። በፋሲካ ዕለት ልጆቻችን ላዩ ላይ ሲዘሉ እየጮኸ የመጣው ሰውዬ እኔ ነበርኩ፤ "ምን ሆነ ይሄ ሰው" ያላችሁት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ጫፉ ኑ። ሁለቱ ጠባብ ጎኖች ወገባቸው ገባ ብሎ፣ ላይና ታቻቸው ተጠቅልሎ የተጠረበ ነው። እንግሊዞቹ ይህን ቅርጽ "ላየር" ይሉታል፤ ላየር ማለት ክራር ነው። በዚህ በኮትስዎልድስ አገር ጠራቢዎች ዘንድ የታወቀ ፋሽን ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባየሁት ቁጥር አንድ ሰው ሁለት ክራር አቁሞ መሐላቸው አንድ ነጋዴ ቤተሰቡን ያስተኛ ይመስለኛል።

በምሥራቁ ጫፍ፣ በክራሩ ሆድ ላይ፣ የሕፃን ፊት አለ። አካል የለውም፤ ከጉንጩ ሥር በቀጥታ ሁለት ክንፍ ወጥቶለታል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ያየ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። ኪሩብ ነው፤ የሟቹ ነፍስም ማለት ነው ይላሉ። ከዚህ መቃብር ቀደም ባሉት ላይ የራስ ቅልና የአሸዋ ሰዓት ይበዛል፣ ወደ ኋላ ሲመጣ ደግሞ ጨርቅ የተጣለበት ገንቦ፤ የፊትና ክንፉ ዘመን በመሐል ነው። የዚህኛው አፍንጫ የለም። ዓይኑ ግን አለ፣ በመሰርሰሪያ የተበሳችው ብሌኑ ሳትቀር። እስቲ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ፣ ጉንጫችሁን ወደ ድንጋዩ አስጠግታችሁ፣ ከግራው ክንፍ በታች ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ዝናብ የማይደርስበት አንድ መዳፍ የማይሞላ ቦታ አለ። እዚያ የላባው መስመር እንደ ስንዴ ቅንጣት ቀጭን ነው፤ መሮው ያረፈበት፣ የተነሣበት፣ ትንሽ ስቶ የታረመበት ሁሉ ይታያል። ጠራቢው ለምሳ የወጣ ነው የሚመስለው። የሽቦ ብሩሽ ያንን መስመር በሦስት ጭረት ያጠፋዋል።

"ቆሽሿል" ስላላችሁት ደግሞ። ያ ብርቱካናማው፣ አመድማውና ነጩ ነጠብጣብ ቆሻሻ አይደለም። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ላይከን ይባላል፤ ሻጋታና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት አካል። አገር ቤት የድንጋይ ሽበት ሲሉት የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከዚያ የተሻለ ስም በእንግሊዝኛም አላገኘሁም። ሲያድግ ቀስ ብሎ ነው፤ ብዙው ዓይነት በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ በቅጡ አይሰፋም። ስለዚህ የሣህን ያህል የሰፋው ነጭ ክብ ከማናችንም አያት በዕድሜ ይበልጣል። በብሪታንያ ወደ 2,000 የሚጠጋ የላይከን ዓይነት አለ፤ ከዚያ ሲሶ ያህሉ በቤተ ክርስቲያን ግቢዎች ተመዝግቧል። ሜዳማ በሆነው አገር ተፈጥሯዊ ዐለት እንደልብ ስለሌለ፣ ለብዙዎቹ የቀረላቸው ቤት የሙታን ድንጋይ ነው። ሽማግሌን ሽበት ስለበቀለበት ብላችሁ በሽቦ አትፈትጉትም መቼም።

እኔ ግን ፈትጌያለሁ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር፣ አለቃዬ ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ "ላስደስተው" ብዬ አንዱን የመቃብር ራስጌ በሽቦ ብሩሽ አሸሁት። ነጭ ሆነ። እንደ አዲስ። ሲመለስ አልተቆጣም፤ የኪሱን ማጉያ መነጽር አውጥቶ ሰጠኝና ሄደ። በማጉያው ሳየው ድንጋዩ የዓሣ እንቁላል የመሰለ ድቡልቡል ቅንጣት ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ እኔ ባሸሁበት በኩል እንቁላሎቹ ግማሽ ግማሻቸው ተቆርጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ድንጋዩ ስም ማንም አላስረዳኝም፣ አላስፈለገኝምም። ኡላይት ይሉታል፤ የእንቁላል ድንጋይ እንደማለት ነው። ከ170 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሞቃት ጥልቀት የሌለው ባሕር ውስጥ የተከማቸ ኖራማ ድንጋይ።

ኖራማ ያልኩትን ልብ በሉ፤ የአቼቶው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ብርጭቆ አቼቶ ውስጥ ጣሉና አዳሩን ተዉት። ሲፈላ፣ ሲሳሳ፣ በመጨረሻ ሲጠፋ ታያላችሁ። ቅርፊቱና ይህ ድንጋይ በዋናው አንድ ናቸው። በረኪናው ደግሞ ወዲያው አያፈላም፤ ለዚህ ነው የሚያታልለው። ድንጋዩ ስፖንጅ ስለሆነ ይጠጣዋል፤ ውኃው ሲደርቅ ጨው ውስጡ ይቀራል፤ ጨዉ በደረቀና በረጠበ ቁጥር እየጠጠረ ቅንጣቶቹን ይነቅላቸዋል። በቀጣዩ ክረምት ጣታችሁን ብታስኬዱበት እንደ ስኳር ይረግፋል። ቅዳሜ ያጸዳን ሰዎች ያኔ አዳራሹ ውስጥ ቡና እየጠጣን ስለሆነ የሚጠይቀን የለም።

ስለ ካርቸርም ላውራ፤ አይቻለሁና። ሌላ ክፍለ አገር፣ ስሙ ይቅር፣ የቅድመ አያቶቻቸውን መቃብር ሊያሳምሩ ከሩቅ የመጡ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኛ የተጠራነው ከዓመት በኋላ ነው፤ "ጽሑፉ ጠፋብን" ተብሎ። መሽቶ እስኪጨልም ጠብቀን መብራቱን ከጎን አስተኝተን ብናበራ፣ ብናዞር፣ አንዲት "ኤስ" ፊደል ብቻ ወጣች። የዚህ ድንጋይ ላይኛው ቆዳ በዘመናት አየር ላይ የጠነከረ ቅርፊት ነው፤ እሱ ከተላጠ ሥሩ ያለው ለስላሳ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ የነበረው ቆዳው ላይ ነው።

በኛው ሣጥን ላይ ግን ፊደሉ አሁንም አለ። ማታ ማታ አሳያችኋለሁ፤ ቀን ላይ ባዶ የሚመስለው ደቡባዊ ሰሌዳ የሞባይል መብራት ከጎን ሲያርፍበት ድንገት ይናገራል። ሲነበብ ግራ የሚያጋቡ ነገሮች አሉት። በቃል መሐል ያለው "ኤስ" እንደ "ኤፍ" ተዘርግቶ ነው የሚጻፈው፤ የኛ ወጣቶች አንብበው የሳቁት ለዚህ ነው፤ ስህተት አይደለም። "ሬሊክት" የሚለው ቃል መበለት ማለት ነው፤ ከባሏ የተረፈች እንደማለት። እንደነዚህ ባሉ አሮጌ መቃብሮች ላይ ደግሞ አንድ ሞት በሁለት ዓመተ ምሕረት በእዝባር ተከፍሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ እኛ ነን ቶሎ የምንረዳው! እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ አዲሱ ዓመት በሕግ የሚገባው መጋቢት 25 ቀን ነበር፤ ጎረቤት አገሮች ግን በጥር 1 ያስገቡ ነበር። ስለዚህ በየካቲት የሞተ ሰው እንደ ቆጣሪው ሁለት ዓመት ነበረው። በ1752 አቆጣጠሩን ሲያስተካክሉ መስከረም 2 ተኝተው መስከረም 14 ነው የነቁት። ዐሥራ ሦስት ወር ይዞ ለፈረንጅ አለቃው "የኛ ገና ሌላ ቀን ነው" ሲል የኖረ ሰው፣ እዚህ ድንጋይ ፊት ቆሞ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ሰውየው ማን ነበር? ስሙን ልተወውና ሥራውን ልንገራችሁ። የሱፍ ጨርቅ አሠሪ ነው። ይህ የስትራውድ ሸለቆ በዚያ ዘመን በወንዞቹ ዳር በወፍጮ ተሞልቶ ነበር፤ እህል ሳይሆን ጨርቅ የሚወግጥ ወፍጮ። እዚህ የሚነከረው ደማቅ ቀይ ጨርቅ ነው የእንግሊዝ ወታደር ትከሻ ላይ ያረፈው፤ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም ይገዛው ነበር። ክራሩን፣ ኪሩቡንና ጥምዝምዙን ሁሉ የከፈለው ያ ቀይ ጨርቅ ነው። ከ1666 ጀምሮ የሱፉን ንግድ ለመደገፍ ማንም ሬሳ ከእንግሊዝ ሱፍ ውጭ በሌላ ጨርቅ እንዳይገነዝ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በ1678 አጠበቁት፤ የጣሰ አምስት ፓውንድ ይቀጣ ነበር፤ በይፋ የተሻረው በ1814 ነው። በወጉ ይከበር አይከበር ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ጨርቅ ነጋዴ ከሕያዋንም ከሙታንም የሚያተርፍበት ሕግ እንደነበር አስቡት። የኛ አገር ነጋዴ ይህን ቢሰማ ይቀናል።

ሸማኔዎቹስ? በ1756 የዚህ ሸለቆ ሸማኔዎች ክፍያችን አነሰ ብለው ተነሡ፤ መንግሥት ወታደር ላከባቸው፤ ወታደሩን የመራው በኋላ ኩቤክ ላይ ሞቶ ስሙ የገነነው ጄምስ ዎልፍ ነው። ወታደሮቹ የለበሱት ቀይ ጨርቅ ከማን እጅ እንደወጣ መናገር አያስፈልግም። የነዚያ ሸማኔዎች መቃብር ላይ ክራር የለም። ድንጋይም የለም። ከሣጥኑ ጀርባ፣ በመልእክታችሁ "ባዶው ሣር፣ ድንኳኑና የጥብሱ ቦታ" ያላችሁት ወጣ ገባ መሬት አለ አይደል? ባዶ አይደለም። ያ ወጣ ገባው እነሱ ናቸው። እባካችሁ ጥብሱን ከአዳራሹ በስተጀርባ፣ አስፋልቱ ላይ እናድርገው። ይህን አንዱን ብቻ ብትሰሙኝ ሌላውን ሁሉ እተወው ነበር ልበል ብዬ ነበር፤ ግን አልተወውም፣ በረኪናውም ይቅር።

በቡድኑ ውስጥ አንድ ወንድም "ለሀብታም የፈረንጅ ሬሳ ይሄን ያህል ምን አስጨነቀህ" ሲል ጽፏል። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ለሀብታሙ አልጨነቅም፤ እሱ ራሱን አስከብሮ ነው የሄደው። የምጨነቀው ክንፉ ሥር ስቶ ላረመው ሰውዬ ነው፤ እሱም እንደኔ በቀን ሒሳብ ነበር የሚሠራው።

ስለ "ሃው ላቭሊ" እንነጋገር። አገሩን ከኔ የቆየ ያውቀዋል፤ "ሃው ላቭሊ" ፈቃድ አይደለም። ቄሷ ሰው ማስከፋት የማይወዱ ደግ ሴት ናቸው፤ "ግቢውን ልናጸዳላችሁ ነው" ስትሏቸው ቅጠል መጥረግ ነው የመሰላቸው። ስለ ጄሪካኑ ነግራችኋቸዋል? ቢነገራቸውና ቢስማሙ እንኳ ብቻቸውን መፍቀድ አይችሉም። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ለመንካት "ፋከልቲ" የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ አይምሰላችሁ፤ የሀገረ ስብከቱ የራሱ ፍርድ ቤትና ዳኛ አለው፣ ፈቃዱን የሚሰጠው እሱ ነው። ይህ ሣጥን ደግሞ በመንግሥት የቅርስ መዝገብ ላይ ለብቻው ተመዝግቧል። ባለቤቱ ማን ነው ካላችሁ፣ በሕግ የሟቾቹ ወራሾች ናቸው፤ ከሁለት መቶ ስልሳ ዓመት በኋላ ወራሽ ፈልጋችሁ አምጡ። ቤተ ክርስቲያኗ ግቢውን ትጠብቃለች እንጂ ድንጋዩ የሷ አይደለም፤ አዲስ ቀብር የተቋረጠበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ጥገናው ወደ አካባቢው ምክር ቤት ሊዞር ይችላል። ሁሉም ወደ ሌላው ይጠቁማል፣ ሰሌዳው በመሐል በየዓመቱ ትንሽ ወደ ውጭ ይሄዳል። እኛ ካርቸር ይዘን ብንገባ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ተጠያቂ ይገኛል፤ እኛው።

እንዲህ ዓይነት ጠብ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከዚህ ብዙም የማይርቀው የቴውክስበሪ ገዳም በ1877 በአርክቴክቱ በጊልበርት ስኮት እጅ "ሊታደስ" ነው ሲባል፣ ገጣሚውና ንድፍ ሠሪው ዊሊያም ሞሪስ ለአንድ መጽሔት የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚያው ዓመትም አሮጌ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ። አባላቱ ማኅበሩን "ፀረ ፍቅፈቃ" ብለው ነው የሚጠሩት፤ ዋናው ጥላቻቸው መፋቅ ነበርና። ሞሪስ ከዚያ ቀደም ሲል በበርፈርድ ቤተ ክርስቲያን የሚደረገውን ፍቅፈቃ አይቶ ሲቃወም፣ የደብሩ ቄስ ቤተ ክርስቲያኑ የእኔ ነው፣ ከፈለግሁ ውስጡ በራሴ እቆማለሁ ብለው መለሱለት ይባላል። ጋሼ ሊቀመንበር፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም።

እኛም ቤት ታውቃላችሁ ነገሩ። የጎንደርን ግንብ በኖራ የሠሩት ናቸው ይህን ሁሉ ዘመን ያቆሙት፤ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተለጠፈው ጥገና ለድንጋዩ ስላልተስማማ በኋላ እንደገና በኖራ ወደ መጠገን ተመልሰዋል። እዚህም ያው ነው፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ኖራ ያስተነፍሳል። "ስንጥቁን በሲሚንቶ እደፍንላችኋለሁ" ብሎ ለተመዘገበው ወንድማችን ነው ይህችን ያስገባኋት።

እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ፔንስዊክ እንሂድ፤ ከስትራውድ ብዙ አይርቅም። በቅድስት ማርያም ግቢ ውስጥ እንደኛው ያለ መቃብር ብቻውን አይደለም፣ በሰልፍ ነው የቆመው፤ አራት ማዕዘን አለ፣ ስምንት ማዕዘን አለ፣ ክብ አለ፤ ቁመታም ክቦቹን የአገሩ ሰው "የሻይ ቆርቆሮ" እያለ ይቀልድባቸዋል። ድንጋዩ የወጣው እዚያው ከከተማዋ በላይ ካለው ኮረብታ ነው። ከጠራቢዎቹ አንዱ ጆን ብራያን በ1787 ሲያርፍ የተተከለለት ፒራሚድ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ለሰው ኪሩብና ጥምዝ ሲሠራ ኖሮ ለራሱ ሲሆን ምንም ጌጥ የሌለው ሾጣጣ። ሳስበው የሠለቸው ይመስለኛል። በመቃብሮቹ መሐል በመቀስ ተከርክመው እንደ ጉልላት የቆሙ የው ዛፎች አሉ፤ ከሩቅ የኛን ጽድ ይመስላሉ። ዘጠና ዘጠኝ ናቸው፣ መቶኛው ቢተከል አይጸድቅም፣ ዲያብሎስ ይነቅለዋል ይላሉ። ቆጥሬ ሁለት ጊዜ የተለያየ ቁጥር አግኝቻለሁ። በመስከረም ደግሞ ሕፃናቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያውን አቅፈው መዝሙር ይዘምራሉ። ከኛ ዑደት ጋር አንድ አይደለም፣ ግን ሲታይ ሆድ ያባባል። ልጆች ይዘን ከሄድን አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የየው ፍሬ ቀይና የሚያጓጓ ነው፣ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘርና ቅጠሉ ግን መርዝ ነው። የኛም ግቢ ውስጥ ሦስት ዛፍ አለ።

ታዲያ ቅዳሜ ምን እንሥራ? ሥራ ሞልቷል። በድንጋዮቹ ዙሪያ ያለውን ሣር በማሽን ሳይሆን በእጅ መቀስ እንቁረጥ፤ የማሽኑ ገመድ ድንጋዩን እየገረፈ ከሥሩ ይበላዋልና፣ የደብሩ ሰዎች ደግሞ ለእጅ ሥራ የሚበቃ ሰው የላቸውም። አጥሩ ላይ የተጠላለፈውን ቁጥቋጦ እናንሣ። መንገዱን እንጥረግ፣ አሸንዳውን ከቅጠል እናጽዳ። በሣጥኑ ላይ የወጣውን ሐረግ ማንም አይጎትት፤ ሥሩ ስንጥቁ ውስጥ ስለሆነ ሰሌዳውን ይዞት ይመጣል። ከመሬት የወደቀ ፍንካች ብታገኙ ባለበት ትታችሁ ጥሩኝ፤ ለደብሩ ገበዞች አሳያቸዋለሁ። ሲመሽ ደግሞ ወጣቶቹ መብራትና ስልክ ይዘው ይቆዩልኝ፤ ጽሑፉን ከጎን እያበራን ፎቶ እናንሣ፣ ቃል በቃል እንገልብጥ፣ ንጹሕ አድርገን ጽፈን ለቄሷ እንስጣቸው። ስለ ምዕራቡ ሰሌዳም አብረን አንድ ደብዳቤ እንጻፍላቸው፤ በእንግሊዝኛ፣ ያለ ቁጣ፣ ከፎቶ ጋር። ያን ጊዜ የሚሉት "ሃው ላቭሊ" ከአሁኑ ለየት ያለ ድምፅ ይኖረዋል።

ሐሙስ ማታ ድረስ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። እኔ ቅዳሜ በሁለት ሰዓት እዚያ ነኝ፤ አራት የሣር መቀስ፣ ሁለት የጠጉር ብሩሽና ማጉያ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ። ቡናውን እናቶቻችን እንደተለመደው። በረኪናውን ሱቁ ደረሰኝ ካለ ይመልሰዋል፤ ጠይቄያለሁ። ካርቸሩን ግን ዛሬውኑ ለወንድማችን መልሱለት፤ ቅዳሜ ለመኪና እጥበት ገበያው የሚደምቅበት ቀን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የማኅበሩ አባል፣ ኖራ አቡኪው